ኦርጂናል፣ ቅጂ ወይስ የተሳበ? ለድሬዳዋ ባጃጅ የሚበረክተው ሞላ የትኛው ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ የባጃጅ ሞላ ሊገዛ የወጣ ሰው ዘወትር ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው በአምራቹ ስም ታሽጎ የሚሸጠው ኦርጂናል፣ ሁለተኛው እሱን አስመስሎ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ቅጂ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ተስቦ ቁመቱ የተመለሰለት አሮጌ ሞላ ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ ሞላውን ወለል ላይ አቁሞ በመዳፉ ይጫነዋል፣ ውፍረቱን ያያል፣ ከዚያም «ጠንከር ያለውን ስጠኝ አቦ» ብሎ ይከፍላል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ሆኖም በእጅ መጫን ስለ ሞላ ዕድሜ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሞላ ሲጫኑት የሚያሳየው ግትርነት የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በዙሩ ስፋትና በዙሮቹ ብዛት ነው። ርካሹም ሆነ ውዱ ብረት በዚህ ረገድ ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ልካቸው እኩል የሆነ ኦርጂናልና ቅጂ አዲስ ሳሉ በእኩል ኃይል ይገፋሉ። የሚለያዩት ብረቱ ምን ያህል ጫና ችሎ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ላይ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ባጃጁ ከነተሳፋሪው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ነው።

ሞላ የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው፤ ይተኛል ወይም ይሰበራል። የተኛ ሞላ ቁመቱን ያጣል እንጂ በሰፊው እንደሚታሰበው አይለሰልስም፤ ባጃጁ ዝቅ ስለሚል ሞላው የሚጫወትበት ቦታ ይጠብና ቶሎ ቶሎ ከመጨረሻው ጋር ይጋጫል። ስብራት ግን ከሽቦው ገጽታ ላይ ከጭረት፣ ከዝገት ጉድጓድ ወይም ዙር ከዙር ተፋቅቶ ከተላጠ ቦታ ይጀምርና በእያንዳንዱ ጫና ጥቂት ጥቂት እየገባ ሄዶ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይለያያል። የመጀመሪያው አስቀድሞ ይታያል፣ ሁለተኛው ግን አይታይም። ሦስቱን ምርጫዎች ሳወዳድር የምጠይቀውም የትኛው በየትኛው መንገድ እንደሚሞት ነው። (የድሬ ሙቀት ሞላ ያለሰልሳል የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ መተው ይገባል፤ የሞላ ብረት ሲሠራ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ የተገራ ስለሆነ የ40 ዲግሪ ፀሐይ ምንም አያደርገውም።)

መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። ባጃጅ በ8 ኢንች ቸርኬ ስለሚሄድ ትልቅ ጎማ ሳይሰማው የሚያልፈው ክፍተት ውስጥ ይገባል። ይሁንና ኮብልስቶን ሞላ ይፈጃል የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ኮብልስቶን ላይ መንቀጥቀጡ ብዙ ቢሆንም ስፋቱ ትንሽ ስለሆነ ይበልጥ የሚጎዳው አሞርዛተሩን (የሞላውን መዝለል የሚገታውን ዕቃ) እና ቡሹን (መገጣጠሚያው ላይ የሚገባውን ማቀፊያ) ነው። ሞላን የሚያስተኛው ጥልቅ ጉድጓድና ከልክ ያለፈ ጭነት ነው፤ ለሾፌርና ለሦስት ተሳፋሪ በተሠራ ባጃጅ አምስት ሰው ከነሽንኩርት ከረጢቱ ጭኖ ከመጋላ ወደ ሳቢያን የሚመላለስ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ከዚራ ውስጥ አስፋልት ላይ ከሚሠራው ጋር አንድ ዓይነት ሞላ ይበቃዋል ማለት አይቻልም። ክረምት ላይ ጎርፍ የሚተወው ደለል ደግሞ የሞላው መቀመጫ ውስጥ ተጠራቅሞ እርጥበት ይይዛል፤ የታችኛው ዙር ከሌላው ቀድሞ የሚዝገው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ምርጫዎቹ ስንመጣ፣ በአግባቡ የተሠራ ኦርጂናል ሞላ ከፋብሪካ ሳይወጣ ሁለት ነገር ይደረግለታል። አንደኛ፣ ዙሮቹ እስኪነካኩ ድረስ ይጨመቅና መተኛት ያለበትን ያህል እዚያው ይተኛል፤ ስለዚህ ገዢው ጋ ከደረሰ በኋላ ቁመቱ ብዙም አይቀንስም። ሁለተኛ፣ ገጽታው በጥቃቅን የብረት እንክብሎች ተደብድቦ ስንጥቅ እንዳይጀምርበት ይጠነክራል። ርካሽ ቅጂ ላይ ከሚቀሩት ሥራዎች ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን ስለማይለዩ ማንም አይጠይቅባቸውም። ካርቶኑም ቢሆን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ጊዜ በኦርጂናል ዋጋ፣ በታሸገ ካርቶን የገዛሁት የኋላ ሞላ ከጥቂት ወራት በኋላ ባጃጁን ወደ ቀኝ አዘንብሎት ነበር፤ ሻጩ ግን ጭነት አብዝተሃል ብሎ መለሰኝ፤ እውነቱን ለመናገር ያልኩት ነገር አልነበረም፣ አብዝቼ ነበርና።

ቅጂ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ልኩን የጠበቀ ቅጂ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በመተኛት ስለሆነ አስቀድሞ ያስታውቃል። የምፈራው «ለጭነት» ተብሎ የሚሸጠውን ወፍራም ቅጂ ነው። የሽቦው ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 11 ቢያድግ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ግትርነቱ በ46 በመቶ ይጨምራል። አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለቀድሞው ሞላ ስለሆነ የአዲሱን ግፊት መግታት ያቅተዋል፤ ባጃጁ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፣ ጎማው መሬት ይለቃል፣ ሞላው ያልተቀበለውን ምት ደግሞ የሻንሲው ብየዳና የተሳፋሪው ወገብ ይቀበሉታል። አንድ ዙር ቆርጦ መጣልም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሞላው አጥሮ ይበልጥ ይገትራል።

የተሳበውን በተመለከተ አጭር ነገር እላለሁ። ብረት ቀልቶ የሚታየው ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው፤ እስከዚያ የደረሰ ሞላ እንደገና በሥርዓት ካልጠነከረና ካልተገራ በስተቀር የሞላነት ባሕርዩን ያጣል። ሳይግል በጉልበት የተሳበውም ቢሆን በተጫነ ጊዜ የተመለሰለትን ቁመት ከመጀመሪያው በፈጠነ ሁኔታ ይጥላል። በዙሮቹ መካከል ጎማ መወተፍ ደግሞ የሚሠሩትን ዙሮች ቁጥር ስለሚቀንስ ጫናውን በቀሩት ላይ ይከምራል። ዋጋው ቢያጓጓም ይህን ምርጫ ለማንም አልመክርም።

እንግዲህ አቅም ውስን ከሆነ ገንዘቡ የት ይዋል? እኔ ፊት ላይ ኦርጂናል፣ ኋላ ላይ ልኩን የጠበቀ ቅጂ እላለሁ። ፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ መሪውም ከሱ ጋር ነው፣ ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደሱ ይመጣል። እዚያ ሞላ ቢሰበር የሚያግዘው ሌላ ጎማ የለም። ከኋላ ግን አንዱ ቢተኛ ባጃጁ አዘንብሎ ይናገራል። የኋላዎቹ ሁልጊዜ በጥንድ መቀየር አለባቸው፤ አዲሱን ካረጀው ጋር ማጣመር ገና ከመጀመሪያው ቀን ባጃጁን ያዘነብለዋል። የሰፈር መንገዱ አስፋልት ለሆነና ጭነት ለማያበዛ ሰው የፊቱም የኋላዎቹም ሞላዎች ቅጂ ቢሆኑ ብዙ አልቃወምም፤ የፊተኛው ቶሎ ቶሎ የሚፈተሽ ከሆነ።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሜትር ያዙ። የሞላውን ቁመት ለኩ፤ ሻጩ ከፈቀደ በመሐሉ ብረት አሳልፋችሁ ሞርሳ (የጋራዥ ማጥበቂያ) ላይ ዙሮቹ እስኪነካኩ ሦስት ጊዜ አስጨምቁትና እንደገና ለኩ። ሞላ ሲጨመቅ ሊያመልጥ ስለሚችል ያለዚያ ብረት አይሞከር። ቁመቱ በሚታይ መጠን ከቀነሰ ፋብሪካው ያልሠራውን ሥራ መንገድ ላይ ሊጨርሰው ነውና መልሱለት። ጫፎቹ ተሞርደው ጠፍጣፋ መሆናቸውን፣ ቆሞ ሲታይ አለማዘንበሉንና ቀለሙ አለመጫጫሩን እዩ። ጥንካሬውን ልፈትን ብሎ በሞረድ የሚጭረውን መካኒክ ደግሞ አስቁሙት፤ ያ ጭረት የስብራቱ መጀመሪያ ነው።

ሞላው ከተገጠመ በኋላ ባጃጁን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ የጎማዎቹን ነፋስ እኩል አድርጋችሁ፣ ከመሬት እስከ ሻንሲ ያለውን ቁመት በግራም በቀኝም ለክታችሁ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ከወር በኋላ ስትለኩ በአንድ ጎን ብቻ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ሞላውን ከመውቀሳችሁ በፊት የዚያን ጎን ቡሽ አስነቅላችሁ እዩ፤ የተበላ ቡሽም ባጃጁን ልክ እንደ ተኛ ሞላ ያዘነብላል፣ ዋጋው ግን ከሞላ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።