ከፍለን ያወረድነው ሙዚቃ የማን ነው? አይቱንስ ስቶርና ባንድካምፕ

ዲጂታል ሙዚቃ የሚሸጡ ሱቆችን የሚገመግሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ዋጋ፣ ስለ ድምፅ ጥራትና ስለ ዘፈኖቹ ብዛት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከፍዬ ያወረድኩት ፋይል ተቆልፎ ነው የሚመጣው ወይስ ክፍት ነው? ኮምፒውተሬ ቢበላሽ ወይ ስልኬ ቢጠፋ ያንኑ ዘፈን እንደገና ሳልከፍል ማውረድ እችላለሁ? የአፕልን ሱቅ አይቱንስ ስቶርንና ባንድካምፕን የመዘንኳቸው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ነው። ከሁለቱም ገዝቻለሁ፣ አሁንም እገዛለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና ባንድካምፕ ይበልጣል። አይቱንስም መጥፎ ሱቅ አይደለም፤ ግን ደንቡን ሳያዩ በደፈናው የሚታመን አይደለም።

ከአይቱንስ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት የሚሸጠው ዘፈን ሁሉ ፌርፕሌይ በሚባል መቆለፊያ የታሰረ ነበር። ዘፈኑ የሚጫወተው ፈቃድ በተሰጣቸው ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ በሦስት፣ ከ2004 ወዲህ ደግሞ በአምስት። ከአፕል የሙዚቃ ማጫወቻ ከአይፖድ ሌላ ያለው አብዛኛው ማጫወቻ ጭራሽ አይከፍተውም። በ2007 መጀመሪያ ላይ የአፕል ኃላፊ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። መቆለፊያውን የሚፈልጉት ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች መሆናቸውን ተናገረና አንድ ቀላል ነገር አነሳ፤ በ2006 በኢንተርኔት የተሸጡት የተቆለፉ ዘፈኖች ከ2 ቢሊዮን በታች ሲሆኑ፣ እነዚያው ኩባንያዎች በሲዲ ያለምንም ቁልፍ የሸጧቸው ግን ከ20 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። እንግዲህ መቅዳት የፈለገ ሰው ሲዲ እያለለት ቁልፉ የሚያስቸግረው ማንን ነው? በትክክል ከፍሎ የገዛውን ነው። እኔ እስከዛሬ ለዚህ ክርክር የሚሆን መልስ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ኢኤምአይ ቁልፉን አነሳ፤ አማዞንም ቁልፍ የሌለው ኤምፒ3 መሸጥ ጀመረ፤ በ2009 የአይቱንስ ዘፈኖች በሙሉ ክፍት ሆኑ። የሚያናድደው ግን ቀድሞ የገዛው ሰው የራሱን ዘፈን ለማስፈታት በአንድ ዘፈን 30 የአሜሪካ ሳንቲም እንዲጨምር መጠየቁ ነው። የታማኝ ደንበኛ ወሮታ ይሄ መሆን አልነበረበትም።

ከድሮ ጀምሮ የምትገዙ ከሆነ ፋይላችሁን አሁኑኑ እዩት። በኮምፒውተር ላይ ዘፈኑን መርጣችሁ መረጃውን ስትከፍቱ፣ ዓይነቱ በተጻፈበት መስመር ላይ የተቆለፈው «ጥበቃ ያለው»፣ ክፍቱ ደግሞ «የተገዛ» የሚል ነው። የፋይሉ ስም መጨረሻም ይለያል፤ የተቆለፈው በኤም4ፒ፣ ክፍቱ በኤም4ኤ ያልቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ክፍቱ ፋይል ውስጥም የገዢው ስምና የኢሜይል አድራሻ ተጽፎ ይገኛል። ይሄ ማጫወትም መቅዳትም አይከለክልም። ፋይሉ ከእጃችሁ ወጥቶ ከተሰራጨ ግን የማን እንደነበረ ይናገራል። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ገዢን ሳያስሩ አርቲስትን ለመጠበቅ ከሞከሩት ሁሉ ይሄ ይሻላል። ነገር ግን ከክፍያው በፊት በግልጽ ሊነገረን ይገባል።

እንደገና ማውረድን በተመለከተ አይቱንስ ብዙ ተሻሽሏል። እስከ 2011 ድረስ ደንቡ አንድ ግዢ፣ አንድ ማውረድ ነበር። ሃርድ ዲስክህ ከሞተ የራስህ ጉዳይ ነው። በ2011 ግን የተገዙ ዘፈኖችን ከዝርዝር ላይ መልሶ ማውረድ ተፈቀደ። አሁን ከዘፈኑ አጠገብ ያለችውን የደመና ምልክት መጫን ብቻ ነው፣ በቃ። አዲስ ስልክ ስይዝ ያለምንም ጣጣ ነው የወረደልኝ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ ይሄ መብት ሳይሆን ችሮታ መሆኑ ላይ ነው። የሱቁ ውል እንደሚለው ዘፈኑ ከሱቁ ከተነሳ መልሶ ማውረዱም ሊቀር ይችላል። የአካውንታችሁን አገር ከቀየራችሁም በድሮው አገር የገዛችሁት ላይገኝ ይችላል፤ አፕል ራሱ ከመቀየራችሁ በፊት አውርዱ ብሎ ይመክራል። ኑሮው ከአገር አገር የሚያዞረው ሰው ይህን በደንብ ይያዝልኝ።

ወደ ባንድካምፕ ስንመጣ ነገሩ ሁሉ ቀለል ይላል። ከ2008 ጀምሮ ያለ ሱቅ ነው። ከፍላችሁ እንደጨረሳችሁ የፎርማት ምርጫ ይመጣል፤ ኤምፒ3 አለ፣ የድምፁን ጥራት የማይቀንሰው ፍላክ አለ፣ ዌቭ አለ፣ ኦግም አለ። የፈለጋችሁትን ትመርጡና አልበሙ በአንድ ዚፕ ይወርዳል። መቆለፊያ የለውም፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሶፍትዌርም የለውም። በየትኛውም ማጫወቻ ላይ ይሠራል። የገዛችሁት ነገር ሁሉ በአካውንታችሁ ስብስብ ውስጥ ይቀመጥና በፈለጋችሁ ጊዜ ተመልሳችሁ ታወርዳላችሁ፤ ያውም በሌላ ፎርማት። መጀመሪያ ለስልኬ ቦታ እንዳይበላ ብዬ በኤምፒ3 የያዝኩትን አልበም፣ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ስገዛ ያለተጨማሪ ክፍያ በፍላክ አወረድኩት። እዚህ ላይ ገዢውን ያከብሩታል። ከዲጂታል ሽያጩ ሱቁ የሚወስደው 15 በመቶ ነው፣ ብዙ ለሸጠ አርቲስት ደግሞ ወደ 10 ይወርዳል፤ ስለዚህ ገንዘቤ የት እንደሚሄድም አውቃለሁ።

እንከን የለውም አልልም። የትልልቅ ኩባንያዎችን ሙዚቃ ፈልጋችሁ ብዙውን አታገኙም፤ ፍለጋውም ደካማ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ባለቤትነቱ ነው። በ2022 የቪዲዮ ጌም ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ ገዛው፣ በ2023 ደግሞ ሶንግትራደር ለሚባል የሙዚቃ ፈቃድ ኩባንያ ተሸጠ፣ ብዙ ሠራተኞችም ወዲያው ተቀነሱ። እንደገና የማውረድ መብት የሚቆየው ሱቁ እስካለ ድረስ ነው። ነገ ሌላ ባለቤት መጥቶ ደንቡን ቢለውጠው የሚያቆመው የለም።

ይሄ ባዶ ስጋት አይደለም። በ2008 ማይክሮሶፍት የኤምኤስኤን ሙዚቃ ሱቁን የፈቃድ ሰርቨሮች በነሐሴ መጨረሻ እንደሚያጠፋ ለደንበኞቹ ጻፈ። ይህ ማለት ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር የቀየረ ሰው የገዛቸውን ዘፈኖች ማስከፈት አይችልም ማለት ነው። ከባድ ተቃውሞ ሲመጣ እስከ 2011 አራዘመው። ያሁ ሙዚቃም በዚያው ዓመት ዘጋ፣ ገንዘብ መመለስና ማካካሻ ውስጥ ገባ። ልዩነቱን ልብ በሉ። ቁልፍ የሌለው ፋይል የያዘ ሰው ሱቁ ቢዘጋ የሚያጣው መልሶ ማውረዱን ብቻ ነው፤ የተቆለፈ ፋይል የያዘው ግን እጁ ላይ ያለውንም ያጣል።

በኔም ደርሷል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሌላ ሱቅ ውስጥ የገዛሁት አልበም ከግዢ ዝርዝሬ ላይ ጠፋ። ጻፍኩላቸው። የመብቱ ባለቤት ስላነሳው ምንም ማድረግ አንችልም፣ ገንዘብም አንመልስም አሉኝ። ፋይሉ ክፍት ስለነበርና ውጫዊ ዲስክ ላይ ስለነበረኝ ዛሬም አዳምጠዋለሁ። የተቆለፈ ቢሆን ኖሮ ገንዘቤን ውሃ በላው ማለት ነበር። ለዚህ ነው ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የቁልፉን የምመርጠው።

በነገራችን ላይ የወር ክፍያ የሚጠይቁት የስትሪሚንግ መተግበሪያዎች ላይ ያለችው የማውረጃ ምልክት ብዙ ሰው ታሳስታለች። እዚያ የሚወርደው ፋይል ዛሬም የተቆለፈ ነው፤ ክፍያው ሲቆም አይጫወትም። ኪራይ ነው። ኪራይ መሆኑ በራሱ ጥፋት የለበትም፣ ግን ከግዢ ጋር አታምታቱት። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ሻጭ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ይግዙ» የሚል የሚጫን ምልክት ማስቀመጥ አይችልም። ገዢው ለዘለቄታው አውርዶ ከኢንተርኔት ውጭ ሊጠቀምበት የሚችለውን ዕቃ ግን ሕጉ አይመለከተውም። እኔም ከላይ የለየሁት እንደዚሁ ነው።

ወደ አይቱንስ ልመለስና አንድ የማይገባኝን ነገር ልንገራችሁ። አፕል ከ2021 ጀምሮ በወር ለሚከፍሉ ደንበኞቹ ጥራቱ ያልተቀነሰ ሙዚቃ ያሰማል። ሱቁ ውስጥ ዘፈን የሚገዛ ሰው ግን ዛሬም የሚያገኘው ያንኑ የተጨመቀ 256 ኪሎቢት ኤኤሲ ፋይል ነው። የገዛው ከተከራየው ያነሰ ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህን ካስተካከሉና የመልሶ ማውረዱን ገደብ ከክፍያው በፊት አንድ መስመር አድርገው ካሳዩን፣ ነጥቤን ያለምንም ቅሬታ ከፍ አደርገዋለሁ። እስከዚያ ግን አልበሙ በሁለቱም ቦታ ካለ ከባንድካምፕ ግዙ፣ በፍላክ አውርዱት፣ ውጫዊ ዲስክ ላይም ገልብጡት። አይቱንስ ላይ ብቻ ካለም ግዙት፣ ግን ደመናው ላይ አለልኝ ብላችሁ አትተዉት፤ በገዛችሁበት ቀን አውርዱት።