ለቴሌግራም ሱቅ ዕቃ ከየት? የመርካቶ ጅምላ ሲመዘን

ለጀማሪ ሻጭ ከቻይና ከማስመጣት የመርካቶ ጅምላ ይሻላል፤ ዕቃውን ዳብሶ፣ ዚፑን ከፍቶ ዘግቶ መግዛት ይቻላል። የሴት ጫማ በካርቶን ሲገዛ ግን ቁጥሩ ተደባልቆ ነው። 38 እና 39 ቶሎ ያልቃል፤ 36 እና 41 ይከርማል፣ ስለዚህ ዋጋ ሲተመን የሚቀረውም ይታሰብ። ብር ከመከፈሉ በፊት ካርቶኑ ይከፈት፤ ግራና ቀኙ አንድ ቁጥር መሆኑ፣ የሶሉ ማጣበቂያ አለመልቀቁ ይታይ። «ነገ ትቀይራለህ» የሚባለው በጽሑፍ ካልሰፈረ አይታመንም።

ፎቶ ብቻ ለጥፎ ሲታዘዝ መግዛትም አለ፤ ካፒታል አያስርም፣ ደንበኛው ከከፈለ በኋላ ግን ዕቃው አልቆ ይገኛል።

የቻይናው በአየር ሲጫን፣ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ በሚዛኑ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ይከፈልበታል፤ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታው በሴንቲሜትር ተባዝቶ አብዛኛውን ጊዜ ለ6000 ይካፈላል፤ የሚወጣው ቁጥር እንደ ኪሎ ይቆጠራል። ቦርሳ እዚህ ላይ ያከስራል፤ የስልክ ከቨር ያዋጣል።