ቤታችንን ለክቶ ልኩን ሂት ፓምፕ ላስገባልን ወንድማችን ምስጋና

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ዊንተሩ ሳያልቅ አንድ ልጅ ማመስገን አለብኝ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አዲስ ቤት የምታሰሩ ደግሞ እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡት።

ፍሬድሪክ አካባቢ 2400 ስኩዌር ፊት ቤት እያሰራን ነበር። ሂት ፓምፕ፣ ማለትም በዊንተር የሚያሞቅ በሰመር የሚያቀዝቅዝ ማሽን፣ እንዲያስገባ ኮንትራክተራችን ያመጣው ሰውዬ ቤቱን ገብቶ እንኳን ሳያይ ስኩዌር ፊቱን ለ500 አካፍሎ 5 ቶን ያስፈልጋችኋል አለን። ቶን የሚሉት የማሽኑን አቅም ነው፣ 1 ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ነው፣ 5 ቶን እንግዲህ 60,000 መሆኑ ነው። ባለቤቴ ትልቅ ከሆነማ አይበርደንም ብሎ ሊፈርም ነበር፣ እኔ ግን በፊት የነበርንበት ታውንሀውስ ትዝ አለኝ፣ ኤሲው ይነሳና 6 ደቂቃ 7 ደቂቃ በሀይል ነፍቶ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል ግን እርጥበቱ አይወጣም፣ አንድ ሰመር ቁምሳጥን ውስጥ የሰቀልኩት የሀበሻ ቀሚሴ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ። ለካ ማሽኑ ለቤቱ ትልቅ ስለነበረ ነው፣ እርጥበት እንዲወጣ ረጋ ብሎ ብዙ ሰዓት መስራት አለበት። ይሄን በኋላ የነገረኝ ይሄው የማመሰግነው ልጅ ነው።

ስልኩን የሰጠችኝ የቤተክርስቲያን ጓደኛዬ ናት። ቅዳሜ ጠዋት መጣ፣ ግድግዳው ገና አልተሸፈነም፣ መስኮቶቹ ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነበር፣ አንድ በአንድ እየዞረ ዩ ፋክተሩን (መስኮቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያሳልፍ የሚያሳየውን ቁጥር) አነበበ፣ መስኮቶቹን በሜትር ለካቸው፣ የትኛው ወደ ምዕራብ እንደሚያይ ጻፈ፣ አቲክ የሚገባው ኢንሱሌሽን ስንት እንደሆነ ጠየቀ፣ ስንት ሰው ይኖራል አለ። አራት ነን፣ ግን ማህበር ተራ ሲደርሰኝ 20 ሰው ይመጣል አልኩት። "አይ እህቴ፣ ለአንድ ቀን ማህበር ብለሽ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ማሽን አትሸከሚ፣ የዛን ቀን በጠዋት ሁለት ዲግሪ ዝቅ አድርጊው" አለኝ።

ማኑዋል ጄ የሚባል፣ ቤቱ ምን ያህል ማሞቅና ማቀዝቀዝ እንደሚፈልግ የሚያወጣ ስሌት አለ፣ እሱን ሰርቶ በወረቀት አመጣልን። ውጪው 17 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ቤቱን ለማሞቅ 31,000 ቢቲዩ፣ በሰመር ለማቀዝቀዝ 25,000 ብቻ። 5 ቶኑ እጥፍ ሊሆን ነበር ማለት ነው! የመጀመሪያው ሰውዬ ማሽኑ ኢንቨርተር (ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ) ስለሆነ ራሱን ዝቅ ያደርጋል ብሎን ነበር፣ ልጁ ግን ዝቅ የሚለው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው፣ ከዛ በታች ሲሆን ያው መነሳት መጥፋት ይጀምራል አለን። ደግሞ ብርዱ ሲጨምር የማሽኑ የማሞቅ አቅም ይወርዳል፣ በ47 ዲግሪ የሚሰጠውንና በ17 የሚሰጠውን ጎን ለጎን አሳየን፣ እኔ ቶኑን ብቻ ነበር የማየው። በመጨረሻ ለብርድ አገር የተሰራ 3 ቶን ገባ፣ በ17 ዲግሪ 33,000 ይሰጣል። ሂት ስትሪፑንም (ማሽኑ ሲያቅተው የሚያግዘውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) በ15 ኪሎዋት ፈንታ 5 ኪሎዋት አደረገው፣ እሱ ነው መብራቱን የሚበላው።

በጥምቀት ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፣ አንድ ጠዋት ውጪው 14 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ተርሞስታቱ 68 ላይ ንቅንቅ አላለም፣ ሂት ስትሪፑም አልተነሳም። እማዬ ጋቢዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ቡና ስትቆላ አየኋትና እዛው ቆሜ ለልጁ ደወልኩለት። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ በቀስታ ይሰራል፣ አስቀድሞ አትደንግጡ፣ እንደዛ ነው መስራት ያለበት ብሎን ነበር።

ለስሌቱ ለብቻው ያስከፍላል፣ ሳንቲሟ ሁሉ ይገባዋል። ቀን ስራ ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም፣ ማታ ግን መልሶ ይደውላል። ትልቁን ቢሸጥልን የበለጠ ያገኝ ነበር እኮ። ዳክቱም (አየሩ የሚሄድበት ቱቦ) በማሽኑ ልክ ስለሚሰራ ግድግዳው ሳይሸፈን ጥሩት፣ ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ወንድሜ እጅህ ይባረክ፣ እማዬም መርቃሃለች።