ከአክሲስ 1 ወደ አክሲስ2፦ አፕግሬድ ብለን ገብተን ቤት ቀየርን

ለአክሲስ2፣ ፕሮግራሞች በኔትዎርክ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ለሚረዳው የጃቫ መሣሪያ፣ ከአምስት ሦስት ኮከብ። ከሁለቱ የተቀነሱ ኮከቦች አንዱ እንኳ በእኛው ጥፋት ነው፣ ግን ስለተናደድኩ አልመልስለትም።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር እጠብቃለሁ። ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር የት እንደደረሰ የመርከብ ድርጅቱን ሰርቨር እየጠየቀ ለቢሮ የሚያሳይ ፕሮግራም አለን። ከሰርቨሩ ጋር የሚያወራበት ኮድ በአክሲስ 1.4 የተሠራ ነው። በፈረንጆቹ 2006 የወጣ ነገር ነው፣ እኔ ያኔ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት እመላለስ ነበር። ዘንድሮ የመርከብ ድርጅቱ ሰዎች፣ እኛ «መርከቦቹ» የምንላቸው፣ አዲስ የሰርቪስ መግለጫ ፋይል (ዊዝደል ይባላል) ልከው «አሮጌውን እንዘጋዋለን» አሉ። አለቃችን ደግሞ «አቦ፣ ቁጥሩ ከአንድ ወደ ሁለት ነው፣ ምን ይከብዳል?» አሉ።

ይከብዳል። አክሲስ2 የአክሲስ 1 ታናሽ ወንድም አይደለም፣ ስሙን ብቻ ነው የወረሰው። ከመሠረቱ እንደ አዲስ የተጻፈ ነው። ይህን የምታውቁት ደግሞ ኮድ ጄኔሬተሩን ስታስነሱ ነው፣ ማለትም የዊዝደል ፋይሉን ሰጥታችሁት የጃቫ ክላሶቹን እሱ ራሱ የሚጽፍላችሁ መሣሪያ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የራሳችንን የመጋዘን ሰርቪስ ነበር፣ ቀላል ነው ብዬ። እኩለ ቀን ነው፣ ከተማው በሙቀት አንቀላፍቷል፣ ማራገቢያው ሙቁን አየር ያዞራል። ትእዛዙን ሰጠሁት፣ አንድ መስመር መለሰልኝ፦ «ኢንኮድድ ዩዝ ኢዝ ኖት ሰፖርትድ»። አለቀ። አንድም ፋይል አልጻፈም። የእኛ መጋዘን ድሮ «አርፒሲ ኢንኮድድ» በሚባለው የመልእክት አጻጻፍ ነበር የተሠራው፣ አክሲስ2 ደግሞ እሱን ጨርሶ አያስተናግድም። እዚህ ላይ መሣሪያውን አልወቅሰውም። ዌብ ሰርቪሶች እርስ በርስ እንዲግባቡ የወጣው መመሪያ ይህን አጻጻፍ በ2004 ነው ያስወጣው። እኛ ነን ሃያ ዓመት ተኝተን የነበርነው።

የመርከቦቹ ፋይል አዲስ ስለሆነ አለፈ። ግን የጻፈልኝን ስከፍተው ኤዲተሬ ደረቀ። ለካ ሌላ ካልነገርከው ክላሶቹን በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ነው የሚያጭቃቸው፣ ስታብ በሚባለው፣ ሰርቨሩን በሚጠራልን ክላስ ሆድ ውስጥ፣ ከሃያ ሺህ መስመር በላይ። «ሰረዝ ዩ» የሚለውን ምርጫ ስትጨምሩ ለየብቻ ይበትናቸዋል። «ሰረዝ ኤስ» ደግሞ መልስ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ለሚጠሩ የሚጽፈውን ኮድ ይተውላችኋል፣ እኛ አንፈልገውም ነበር። እነዚህን ሁለቱን መጀመሪያውኑ ብትጽፉ ከሰዓቱን ሙሉ ታተርፋላችሁ።

ከዚያ ኤዲተሩ ስሕተት ላይ የሚያሰምረው ቀዩ መስመር መጣ። በአክሲስ 1 ሎኬተር የሚባል ክላስ ነበር፣ ሰርቪሱን የምናገኘው በእሱ ነው። አሁን የለም፣ ስታቡን በቀጥታ ነው የምትፈጥሩት። ድሮ የኮንቴይነር ዝርዝር ስንጠይቅ ተራ አሬይ ይመጣልን ነበር፣ አሁን አሬዩ ሌላ ክላስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ያን ከፍቶ ሌላ ጌተር፣ ማለትም ውስጡን አውጥቶ የሚሰጥ ሜተድ፣ መጥራት ነው። የጥያቄው መለኪያዎችም እንደዚያው በአንድ የጥያቄ ክላስ ውስጥ ይገባሉ። ከባድ ሥራ አይደለም። ብዙ ሥራ ነው እንጂ።

አሁን ወደ እኛ ጥፋት ልምጣ።

አዲሱን ከሰቀልን በሁለተኛው ቀን ሰነድ የምትመዘግበው ልጅ መጣች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ድሮ ስሳሳት ይጮህብኝ ነበር። ዛሬ ያልኩትን ሁሉ ይቀበላል። አመመው እንዴ?» አለችኝ። አብሬያት ሄጄ አየሁ። የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው፣ የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊቷ ካሉት አሥሩ ተሰልታ የምትወጣ ማረጋገጫ ናት። አንዲት አሃዝ ብትሳሳት ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ ይነቃብሃል። ልጅቷ አንዱን ሦስት ሆን ብላ ስምንት አደረገችው፣ ፕሮግራሙ ዝም።

ምን ሆኖ ነው? ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ይህን ሒሳብ የጻፈው ጄኔሬት የተደረገው የኮንቴይነር ክላስ ውስጥ ነበር። ፋይሉ አናቱ ላይ «ይህ ፋይል ከዊዝደል በራሱ የተጻፈ ነው» እያለ። እኔም ሳላይ አዲሱን ላዩ ላይ ጻፍኩበት። የኮዱን የድሮ ቅጂዎች በሚያስቀምጥልን ጊት ላይ አሮጌው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ሒሳቡን አውጥቼ የራሱ ክላስ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ጄኔሬተሩ የሚጽፍበትንም ፎልደር ማንም በእጁ እንዳይነካው ለየሁት።

ሁለተኛውን ኮከብ ያስቀነሰው «አንኤክስፔክትድ ሰብኤለመንት» (ያልተጠበቀ ንዑስ ክፍል) የሚለው ስሕተት ነው። መርከቦቹ አንድ ማታ መልሳቸው ላይ አንዲት አዲስ ነገር ጨመሩ፣ ለእኛ የማትጠቅም። ስታቡ የማያውቃትን ቃል ሲያይ እሷን ዘሎ እንደማለፍ መልሱን በሙሉ ወረወረው። ጠዋት ስንገባ አንድም ኮንቴይነር አይታይም። አዲሱን ዊዝደል አውርጄ እንደገና ጄኔሬት ሳደርግ ተስተካከለ፣ ግን ለአንዲት ትርፍ መስመር ይህ ሁሉ ግትርነት ምን ይባላል? አሁን ትእዛዙን ከነምርጫዎቹ ስክሪፕት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጃር ፋይሎቹንም፣ ማለትም የአክሲስ2ን የራሱን ላይብረሪዎች፣ ስትቀይሩ እንደዚያው አድርጉ። በአንዱ ቨርዥን የተጻፈ ስታብ በሌላው ጃር ኮምፓይል አልል ብሎኝ ያውቃል።

ሦስቱን ኮከብ ያገኘው ደግሞ በሐቅ ነው። መልእክቱን በሙሉ ሜሞሪ ላይ ሳይጭን ሲያስፈልገው ብቻ እያነበበ ስለሚሄድ ረጅም ዝርዝር ሲመጣ ድሮ የሚያቃስተው ሰርቨራችን አሁን አይሰማውም። ነፃ ነው። አንዴ ከተስተካከለ ዝም ብሎ ይሠራል።

የመጋዘኑ ሰርቪስ ግን እስካሁን በ1.4 ላይ ነው፣ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። አለቃችን ሁለቱም የተቀየሩ ይመስላቸዋል።