ስቴዲየም አካባቢ የወሰድኩት የ«ደስተኛ ሕይወት» ሥልጠና

ባለፈው ቅዳሜ ስቴዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ የግማሽ ቀን ሥልጠና ወስጄ ነበር። ፈላስፎች ስለ ደስታና ስለ መልካም ሕይወት ያሉትን እናሳያችኋለን ይላል ማስታወቂያው። ፍልስፍና ስለምወድ 1,500 ብር ከፍዬ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተብሎ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የተጀመረው። አዳራሹ ግን ንጹሕ ነው፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ሻይና ብስኩትም አለ።

ጥሩውን ላስቀድም። ስለ ጥንቱ ፈላስፋ ስለ ኤፒክቴተስ የተነገረው ልብ ይነካል። ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው በእጃችሁ ያለውንና የሌለውን ለዩ ብሎ ማስተማሩን አሠልጣኙ አሳምሮ አስረዳ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የምበሳጭበት ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ።

ሌላው የግሪክ ፈላስፋ ኤፒኩረስ ላይ ሲደርስ ተበላሸ። ስላይዱ ላይ ወይንና ጥብስ ደርድረው «ብላ፣ ጠጣ» ባይ አስመሰሉት። ሰውየው እኮ አቴንስ ባለው አትክልት ቦታው ከወዳጆቹ ጋር በዳቦና በውሃ ይኖር የነበረ፣ ድግስ ሲያምረው ትንሽ አይብ ላኩልኝ ያለ ነው። ደስታ የሚለውም ሥጋ ሳይታመም፣ ነፍስም ሳትታወክ መኖርን ነው። ገንዘብ ከተቀበላችሁ ይህን ማጣራት ነበረባችሁ።

የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፒያሳ ከነበረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የተነሡ ናቸው። 2016 ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። እጃቸውን አውጥተው፣ ቤቱስ ጥሩ ነው፣ ግን ጎረቤቱ ተበተነ፣ የሠላሳ ዓመት ዕድሬ ቀረ፣ ቡና ጠጪ ብሎ የሚጠራኝ የለም፣ ምን ላድርግ አሉ። መልሱ «እናቴ፣ ደስታ ምርጫ ነው፤ አመለካከትዎን ይቀይሩ» ሆነ። አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸው ዝም ብለው ተቀመጡ።

አርስቶትል ፕሮግራሙ ላይ ነበረ፤ ሰዓት አልቋል ተብሎ ታለፈ። በጣም ነው የቆጨኝ። እሱ ስለ ሥነ ምግባር ከጻፋቸው ዐሥር ክፍሎች ሁለቱን የሰጠው ለወዳጅነት ነው። ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ያለ ወዳጅ መኖርን የሚመርጥ የለም ይላል። መዓት የወረደበትን ሰው፣ ጥሩ ሰው እስከሆነ ድረስ ደስተኛ ነው ማለትንም ከንቱ ወሬ ነው ብሎ ይጥለዋል። ለእሱ ደስታ ስሜት ሳይሆን ዕድሜ ልክ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ለሥራው ደግሞ ሰው፣ ጥቂት ንብረትና ዕድል ያስፈልጋል። እኚህ እናት የጎደላቸውን በትክክል አውቀው ነው የመጡት። አመለካከታቸው ምንም አልሆነም።

ከአምስት ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። ከሄዳችሁ ለኤፒክቴተሱ ክፍል ሂዱ። ሰርተፊኬት የሚታደለው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ቀድማችሁ አትውጡ። አዘጋጆቹም ለጥያቄና መልስ ሰፊ ሰዓት ይስጡ፣ እባካችሁ።

ስንወጣ እትዬን ቡና ጋበዝኳቸው። አዲሱ ብሎክ ላይ ዐሥራ አንድ ሆነው ዕድር ሊያቋቁሙ ተነጋግረዋል። መዋጮውን ተስማምተዋል፣ ዳኛም መርጠዋል። የቸገራቸው የድንኳኑ ዋጋ ነው።