የሀበሻ ዶሮ ወይስ የፈረንጅ? ከደሴ ግቢ የታየ

ግቢዬ ውስጥ ሁለቱንም አብሬ አርብቻለሁ። በእንቁላል ፉክክር የለም። የሀበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትጥላለች፤ የፈረንጇ፣ የእኔዋ ቦቫንስ ብራውን የተባለችው ዝርያ፣ በደንብ ከተቀለበች 300 ገደማ ትደርሳለች። መኖዋን ቀንሱባት ግን፣ ምርቷ ወዲያው ይወርዳል። የሀበሻዋ ጭራ ታድራለች፤ ጭልፊት ካየች ጫጩቶቿን ሰብስባ ትሸሸጋለች። የደሴ ብርድም ብዙ አይከብዳትም።

መታቀፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የታቀፈች ዶሮ እንቁላል መጣል ታቆማለች። ስለዚህ የፈረንጅ ዶሮ አዳቃዮች የማይታቀፉትን እየመረጡ ለብዙ ትውልድ አራቡ። እኔም የፈረንጇን እንቁላል ለሀበሻዋ አሳቀፍኩ፤ በ21 ቀን ተፈለፈለ።

የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ቦቫንስ ድቅል ናት። ከማስፈልፈያ ሲወጡ ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያሉ ስለሆኑ በቀለም ይለያሉ። ከሀበሻ አውራ የወለደቻቸው ግን ገብስማም ቀይም ወጡ፤ ቀለማቸው ጾታቸውን አይናገርም። ቄብ ነው ብዬ የቀለብኩት ግማሹ አውራ ሆነ! ሴቶቹም ከሀበሻዋ ይሻላሉ እንጂ እናታቸውን አላከሉም።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሁለቱንም አይምርም፤ ክትባት የግድ ነው። እንቁላል ለመሸጥ የፈረንጇን ቄብ እየገዙ መተካት ነው። ለዶሮ ወጥ ከሆነ ግን የሀበሻዋን በምንም አልለውጥም።