የክሎሪን መለኪያዋ ሳጥን፦ ጋምቤላ ላይ ያስማማችን፣ ጅማ ላይ ያልተለየችኝ

ይህን ግምገማ የምጽፈው በተለይ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው በአካባቢ ጤና ተመርቆ ከጅማ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኩርሙክ ወይም ወደ መተማ ለስደተኞች ሥራ የሚወጣ ልጅ ነው። ሁለተኛው እዚሁ ጅማ ሮቶ ሞልቶ የሚጠጣ ሰው ነው። ዕቃው አንድ ነው፤ እኛ ሙያተኞቹ «ፑል ቴስተር» የምንለው የክሎሪን መለኪያ።

መዳፍ ላይ የምታርፍ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። መጀመሪያ የተሠራችው ለመዋኛ ገንዳ ነው። ውስጧ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ክፍል ለክሎሪን ነው፣ ሌላው ለፒኤች፣ ማለትም ለውሃው አሲድነት መጠን። በየጎናቸው ከፈዛዛ እስከ ደማቅ የተደረደሩ ቀለሞችና ቁጥሮች አሉ። ከሳጥኗ ጋር ሁለት ዓይነት እንክብል ይመጣል፦ ለክሎሪኑ ዲፒዲ ቁጥር 1፣ ለፒኤቹ ደግሞ ፌኖል ሬድ። ባትሪ የለ፣ ቻርጀር የለ፣ ኔትወርክ የለ። ለካምፕ ሥራ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በምትለኩት ውሃ ራሷን አለቅልቋት። እስከ ምልክቱ ሙሏት። እንክብሉን በጣታችሁ አትንኩ፤ ከወረቀቱ በቀጥታ ወደ ውሃው ጣሉት። ክደኑ፣ እስኪሟሟ ናጡ፣ ወዲያው አንብቡ። ፀሐይ ላይ ወይም አምፖል ሥር ሳይሆን በቀን ብርሃን ጥላ ውስጥ ብታነቡ ይሻላል። ውሃው ሮዝ ከሆነ ቀሪ ክሎሪን፣ ማለትም ሥራውን ሠርቶ ውሃው ውስጥ የተረፈ ክሎሪን አለ። ነጭ ሆኖ ከቀረ የለም። ውሃው ገና ክሎሪን ከተጨመረበት 30 ደቂቃ ሳይሞላው አትለኩ፤ ሥራውን ሳይጨርስ ብትለኩት ቁጥሩ ያታልላችኋል።

አሁን ለምን እንደምወዳት ልንገራችሁ።

በታኅሣሥ 2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሕዝቡ ወደ ጋምቤላ ጎረፈ። ቲርኪዲ፣ ኩሌ፣ ጀዊ፣ ንጉኝዬል የሚባሉት ካምፖች የተከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ከጅማ ተነስቼ በበደሌ፣ በመቱ፣ በጎሬ አድርጌ ወደዚያው ወረድኩ። የጎሬን ብርድ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ባሮ ድልድይ ላይ ሲደርስ ጃኬቱን የሚጥልበት ያጣል።

በሠራሁበት ካምፕ አንድ ባልዲ ውሃ በአራት ድርጅት እጅ ያልፍ ነበር። አንዱ በቦቴ ያመላልሳል። ሌላው ታንከሩንና ቦኖውን ይጠብቃል። ሦስተኛው ጀሪካንና ሳሙና ያድላል፣ ቤት ለቤት እየዞረ ስለ ንጽሕና ያስተምራል። አራተኛው ክሊኒኩን ይዟል፤ ተቅማጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተባብር ባለቤት አለ። ለስደተኞች ከመንግሥት ወገን የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት፣ ከተባበሩት መንግሥታት ወገን ደግሞ የስደተኞች ኮሚሽኑ ዩኤንኤችሲአር ይመሩታል። በዩኒሴፍ የሚመራው የውሃና ሳኒቴሽን ክላስተር፣ ማለትም የድርጅቶቹ ማስተባበሪያ መድረክ፣ ለአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ነው። አዲስ ገቢዎች ሁለቱን ያምታታሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ለዩ፤ ችግር ሲፈጠር ማን ጋ እንደምትደውሉ የሚወስነው እሱ ነው።

አብዛኛው ነገር በመቁጠር ይገባል። ዓለም አቀፉ መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። አንድ የቦኖ ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ አይሸከምም። ከቤት እስከ ውሃው ከ500 ሜትር አይበልጥም፣ ወረፋውም ከ30 ደቂቃ። ይሄን ሄዶ ማየት ይቻላል። ክሎሪን ግን በዓይን አይታይም። የእኛም ጭቅጭቅ ሁሉ የተነሳው እዚያ ላይ ነው።

ስብሰባ ላይ የቦቴው ድርጅት «ስንሞላ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ ነው» ይላል። የቦኖው «0.5 አለን፣ መስፈርቱን ያሟላል» ይላል። ቤት ለቤት የሚዞሩት «እናቶች ጀሪካን ውስጥ ግን ዜሮ ነው» ይላሉ። የክሊኒኩ ልጅ የተቅማጥ ሕመምተኞችን ቁጥር አንብቦ ይቀመጣል። ከዚያ ክርክር ነው። ጥፋቱ ከእጅ ወደ እጅ ይወረወራል። የሚገርመው ማንም አልዋሸም።

ነገሩን ቁጭ ብለን ስንመረምረው አንዱ የሚለካው ውሃ ሲነካው ቀለም በሚቀይር የወረቀት ስትሪፕ ነው። ሌላው ቀለሙን ራሱ አንብቦ ቁጥር የሚሰጥ ፎቶሜትር የሚባል መሣሪያ አለው። ሦስተኛው ፑል ቴስተር ይዟል፣ እንክብሉ ግን የአገልግሎት ጊዜው አልፏል። አንዱ ጠዋት ይለካል፣ አንዱ ከሰዓት፣ አንዱ በማግስቱ። ስለ አንድ ውሃ የምንነጋገር መስሎን ስለ ሦስት የተለያየ ውሃ ነበር የምንከራከረው።

የተስማማነው ይሄን ነው። ሁሉም ድርጅት አንድ ዓይነት ፑል ቴስተር ይይዛል። እንክብሉ በጋራ ይገዛል፣ ከአንድ መጋዘን ይወጣል። የሚለካው ውሃውን ተከትሎ ነው፦ ቦቴው ሲሞላ፣ ቦኖው ላይ፣ ከዚያ ያቺው ውሃ የገባችበት ቤት ጀሪካን ውስጥ። ቅጹም አንድ ገጽ ብቻ ሆነ። ከየድርጅቱ አንድ አንድ ሰው አብሮ ይሄዳል። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ከሁሉም በላይ ሠርታለች። ሮዙን ቀለም አራት ሰው አብሮ ካየ በኋላ የሚከራከር የለም።

አንድ ቀን የገባንበት ቤት የአንዲት ማማ ነበር። ካምፕ ውስጥ ትልልቅ ሴቶችን እንዲህ ነው የምንጠራቸው። ቦኖው ላይ ስንለካ ሮዝ ወጥቶ ነበር። ከማማ ጀሪካን ቀድተን እንክብሉን ስንጥል ውሃው እንደነበረ ቀረ። ማማ ሳጥኗን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። በአስተርጓሚው በኩል «ቀለሙን ማን ወሰደው?» አሉን። ጀሪካኑን ወደ ፀሐይ አዙረን በአፉ በኩል ስናይ ውስጡ አረንጓዴ ለብሷል። አፉ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባበትም። ክሎሪኑን የበላው ያ አረንጓዴ ነበር። የማማ ጥያቄ የስብሰባውን አጀንዳ ሁሉ ቀየረው። ማን አጠፋ የሚለው ቀረና ክሎሪኑ የት ላይ ነው የሚያልቀው ወደሚለው ዞርን።

ከዚያ ሥራው ራሱን አሳየ። ጀሪካን የሚያድለው ድርጅት በየቦኖው የጀሪካን ማጠቢያ ቀን አወጣ፤ ጠጠርና የክሎሪን ውሃ አስገብቶ መናጥ። የቦኖው ድርጅት መጠኑን ትንሽ ከፍ አደረገ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክሎሪኑ ከበዛ ሽታው ሰው ያባርራል፤ እናቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ስለዚህ መጠኑን አንድ ድርጅት ብቻውን መወሰን የለበትም። ደቡብ ሱዳን ውስጥ በስደተኛ ካምፖች የተደረገ ጥናትም ያሳየው ይሄንኑ ነው፦ ቦኖ ላይ መስፈርቱን ያሟላ ውሃ ቤት ሲደርስና ውሎ ሲያድር ክሎሪኑን ይጨርሳል። የተለመደው መስፈርት ቦኖ ላይ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። ኮሌራ ሲያሰጋ ግን ቦኖ ላይ 1፣ ቦቴ ሲሞላ ደግሞ 2 ይደረጋል። ሳጥኗ እነዚህን ሁሉ ታሳያለች።

ሽንት ቤት ላይም ተመሳሳይ ጭቅጭቅ ነበረን። አንዱ የተቆፈረውን ይቆጥራል፣ ሌላው በር ያለውንና ያልሞላውን ብቻ። መስፈርቱ ለ20 ሰው አንድ ነው፤ ግን የቱን ሽንት ቤት? በሳጥን የሚለካ ነገር ስላልሆነ እሱን ለመፍታት ብዙ ቆየን።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ጉድለቶቿን ሳልናገር ግምገማ አይሆንም።

የመጀመሪያው የቀለም ንባብ ነው። በ0.1 እና በ0.3 መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን መለየት ይከብዳል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ጭራሽ አይሆንለትም፤ ቡድናችሁ ውስጥ ካለ ሌላ ሰው ያንብብ። ሁለተኛው ይብሳል። ክሎሪኑ ከመጠን በላይ ሲሆን ቀለሙን ራሱን ያነጣዋል። ሮዝ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ እናንተም ዜሮ ነው ብላችሁ ሌላ ክሎሪን ትጨምራላችሁ። የክሎሪን ሽታ እያለው ነጭ የሚያሳይ ውሃ ካያችሁ በንጹሕ ውሃ አቅጥናችሁ ድጋሚ ለኩ። ሦስተኛው ድፍርስ ውሃ ነው። ክረምት ላይ የወንዝ ውሃ ሻይ በወተት ሲመስል ቀለም ማንበብ አይቻልም። እንዲህ ያለ ውሃ መጀመሪያ መጥራት አለበት፤ ድፍርሱ ራሱ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።

እንክብሎቹም ሙቀትና እርጥበት አይወዱም። ጋምቤላ ደግሞ ሁለቱም ሞልተዋል። ጅማም በክረምት ብዙ አትሻልም። ከመስኮት ራቅ አድርጋችሁ፣ በተከደነ ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ። ወረቀቱ የተቀደደ እንክብል አትጠቀሙ። ሳጥኗ ተሕዋስያንን እንደማትለካም እወቁ። ለዚያ የላብራቶሪ ምርመራ አለ። ቀሪ ክሎሪን መኖሩ ውሃው ጥበቃ እንዳለው ይናገራል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም።

ከስትሪፕ ጋር ላወዳድራት። ስትሪፕ ፈጣን ነው፣ ግን የሥራ ውሳኔ አላሳርፍበትም። ፎቶሜትር ቁጥሩን በትክክል ይሰጣል። ገንዘብ ካለ ለተቆጣጣሪው አንድ ይኑር፣ እሺ። ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ ባትሪ ይፈልጋል፣ ሲበላሽ የሚጠግነው አይገኝም። ለቦኖ ጠባቂና ቤት ለቤት ለምትዞር ልጅ ፑል ቴስተርን የሚያክል የለም። ለአንድ ሰው ባጭር ጊዜ አሳይታችሁት ሲሠራ ታያላችሁ። ስደተኞቹ ራሳቸው የውሃ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ ሳጥኗን የተረከቡት እነሱ ናቸው፤ ከእኛም የበለጠ ጥንቁቅ ነበሩ።

ጅማ ስመለስ የራሴን ገዛሁ። እዚህ ገበያ ላይ አላገኘኋትም፤ ሐሙስ ገበያ ስዞር ውዬ ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት። አዲስ አበባ ካሉ የላብራቶሪ ዕቃ አስመጪዎች ነው ያስመጣኋት። አሁን በየጊዜው የሮቶዬን ውሃ እለካለሁ። ውሃው ከመስመር ገና ሲገባ ሮዝ ይሰጣል። ብዙ ቀን ሲተኛ ግን እየነጣ ይሄዳል። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ክሎሪን ሲቀመጥ ይቀንሳል። ጎረቤቴ አዴ «ክሎሪን ቡናውን ያበላሸዋል» ብለው ይቃወሙኝ ነበር። ለቡናው አያስቡ አልኳቸው፣ ሲፈላ ይወጣል። ጥሬውን ለሚጠጡት ልጆች ነው የምለካው። አሁን ሮቷቸውን ሲያሳጥቡ ለኪልኝ ብለው ራሳቸው ይጠሩኛል።

ገዝታችሁ እንድትይዟት በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ስትገዙ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። እንክብሉ ዲፒዲ ቁጥር 1 መሆኑን አረጋግጡ፤ ቁጥር 3 ብቻውን ለቀሪ ክሎሪን አይሆንም። ካርቶኑ ላይ ያለውን የአገልግሎት ጊዜም አንብቡ። ሳጥኗ ዓመታት ትቆያለች፣ የሚያልቀው እንክብሉ ነው፤ ስለዚህ ትርፍ እንክብል አብራችሁ ያዙ።

ወደ ካምፕ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ላሉት ድርጅቶች ደውሉና በምን እንደሚለኩ ጠይቋቸው። ሁሉም የያዘው ከእናንተ የተለየ ከሆነ የእናንተን ትታችሁ የእነሱን ግዙ። ከዚያ በደረሳችሁበት ሳምንት ከየድርጅቱ አንድ ሰው ለምናችሁ ውሃውን ከቦቴው እስከ ጀሪካኑ አብራችሁ ተከተሉት።